ከ10 ሺህ በላይ የፖኬሞን ካርድ ተደባልቆብኛል፣ ከየት ነው የሚጀመረው?

አባ_ሁለት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ካርድ የምትሰበስቡ ወይ ልጆቻችሁ የሚሰበስቡ ካላችሁ እስቲ እርዱኝ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፣ አንዱ 11 አንዱ 8 ዓመቱ ነው፣ ሁለቱም ፖኬሞን ካርድ (የካርቱን ፍጥረታት ያሉበት፣ የሚሰበሰብና የሚጫወቱበት ካርድ) ሲያዩ ምግብ ይረሳሉ። በዛ ላይ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ወደ ሲያትል ሲዛወር ልጅ ሆኖ የሰበሰበውን አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ሙሉ ለነሱ ትቶላቸው ሄደ። እሱ ወደዚህ የመጣው በ1999 ነው፣ ካርዱ በእንግሊዝኛ ገና መሸጥ በጀመረበት ዓመት፣ ስለዚህ የድሮውም የአሁኑም አንድ ላይ ተቀላቅሏል።

ስንት እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ አንድ በአንድ መቁጠር ደግሞ አይታሰብም። 100 ካርድ ቆጥሬ በኩሽና ሚዛን ስመዝነው 178 ግራም መጣ፣ ከዛ ሁሉንም ሻንጣ ውስጥ ጨምሬ አገር ቤት ስንሄድ በምንጠቀምባት የእጅ ሚዛን አንጠለጠልኩት፣ የሻንጣውን ስቀንስ 18 ኪሎ ከ600። ወደ 10,400 ካርድ ማለት ነው።

ሶስት ማታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በፊደል ተራ ልደረድር ሞከርኩ። አንድ አዲስ ካርድ መሀል ላይ ባስገባሁ ቁጥር ሌላውን ሁሉ መግፋት ሆነብኝ፣ ግማሽ ሳልደርስ ፋሲካ ደረሰ፣ እንግዳ አለብን ጠረጴዛው ተፈለገ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ተመልሶ ሳጥን ገባ።

ግን ድርደራውን ያስፈለገኝ ለውበት አይደለም። ልጆቹ ይጣላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ «ይሄ የኔ ነው» «የለም የኔ ነው» ነው። ያለፈው ሳምንት ትንሹ ካርዴን ወሰደብኝ ብሎ እያለቀሰ ነው የተኛው፣ ጠዋት ሳጥኑን ስገለብጠው ካርዷ ከታች ተጨፍልቃ አንድ ጥጓ ታጥፎ ተገኘች። ታላቁ አልወሰደበትም ነበር፣ እኔም ማታ ተቆጥቼው ነበር። እና በምን ልደርድር? ምንስ ልግዛ?

ሰት_በሰት (ዳላስ)
ወንድሜ እንኳን ጠየቅክ፣ 20 ዓመት ሆኖኛል እዚህ ነገር ውስጥ። በፊደል መደርደሩን ተወው፣ ለምን መሰለህ፣ ካርዱ አድራሻው ላዩ ላይ ተጽፏል። ታች ጥግ ላይ ትንሽ ቁጥር አለች፣ 58/102 የምትል ዓይነት፣ 102 የሰቱ (በአንድ ስም አብረው የታተሙት ካርዶች) ብዛት ነው 58 ደግሞ የዛ ካርድ ተራ ቁጥር። በድሮዎቹ ቀኝ ታች ናት፣ በቅርቦቹ ግራ ታች። አጠገቧ ክብ ነጥብ ካለ በብዛት የሚገኝ ተራ ካርድ ነው፣ ዳይመንድ ከሆነ መካከለኛ፣ ኮከብ ከሆነ ብርቅ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፣ 10 ሺህ ካርድ ይዘህ አንዱን ካርድ አንስተህ ትክክለኛ ቦታውን ለመስጠት አትሞክር፣ ያደከመህ እሱ ነው። በአንድ ዙር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው። አንደኛ ዙር ኢነርጂዎቹን (በጨዋታው ለፖኬሞኖቹ ኃይል የሚሰጡትን ካርዶች) አውጣ፣ እነሱ ተራ ናቸው ብዙ ቦታ ይይዛሉ፣ ለብቻ ሳጥን። ሁለተኛ ዙር የጠርዙን ቀለም ብቻ እያየህ፣ የእንግሊዝኛዎቹ እስከ 2023 ድረስ ጠርዛቸው ቢጫ ነበር፣ ስካርሌት ኤንድ ቫዮሌት የሚባለው ተከታታይ ሲመጣ ግራጫ ሆነ፣ ይሄን ደግሞ የ8 ዓመቱ ልጅህ ካንተ ፈጥኖ ይለየዋል። ሶስተኛ ዙር በሰቱ ምልክት። አዲሶቹ ላይ ምልክት ሳይሆን ሶስት ፊደል ነው ያለው፣ የድሮዎቹ ላይ ስዕል፣ ጃንግል የሚባለው ሰት አበባ አለው፣ ቲም ሮኬት ትልቅ አር ፊደል አለው።

እና ልብ በል!! የ1999ኙ የመጀመሪያው ቤዝ ሰት ምንም ምልክት የለውም። ቢጫ ጠርዝ ሆኖ ከስዕሉ ስር በቀኝ በኩል ባዶ የሆነ ካርድ ካገኘህ እዛው ቀጥ በል፣ ሌላ ቦታ አድርገው። ከስዕሉ በታች በግራ በኩል ክብ ውስጥ ያለ 1 ቁጥር ማህተም ካለው ደግሞ የመጀመሪያ እትም ነው፣ እንደሱ ያለውን በላብ እጅ እንዳትነካው።

አራተኛው ዙር ቁጥር ነው። እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፣ 1ን ፈልጎ 2ን ፈልጎ። እንደዛ አይደለም፣ መጀመሪያ በአስር በአስር ክምር አድርግ፣ ከ1 እስከ 9፣ ከ10 እስከ 19፣ እንደዛ እያልክ፣ ከዛ እያንዳንዱን ትንሽ ክምር እጅህ ላይ እንደ ካርታ ይዘህ ትደረድረዋለህ። 102 ካርድ ያለው ሰት እንዲህ ሆኖ ከ10 ደቂቃ አያልፍም።

የዴራ_ልጅ (ዱባይ)
ኧረ ወገን ምን አደከማችሁ፣ ስልክህ ላይ ካርድ የሚያነብ አፕ አውርድ፣ ካሜራውን ታሳየዋለህ ዋጋውን ይነግርሃል፣ ከ2 ዶላር በላይ ያለውን አውጣ የቀረውን በጅምላ ለካርድ ሱቅ ሽጠውና ተገላገል። እኔ የወንድሜን እንደዛ ነው ያደረግኩት፣ ወላሂ ቤቱ ሰፋ።

ሰት_በሰት (ዳላስ)
@የዴራ_ልጅ አፑን አልቃወምም እኔም እጠቀማለሁ፣ ግን አስላው፣ አንድ ካርድ 6 ሰከንድ ቢፈጅ 10,400ው ከ17 ሰዓት በላይ ነው፣ ያውም ሳትነሳ። መጀመሪያ በሰት ከለየኸው በኋላ ግን ኮከብ ያላቸውን ብቻ ታነባለህ፣ በስንት እጅ ይቀንሳል። በዛ ላይ ሳይለዩ የሸጡ ሰዎች ምን እንደሸጡ አያውቁም። ቲም ሮኬት 82 ካርድ ነው ያለው፣ ግን 83/82 የምትል ካርድ አለች፣ ዳርክ ራይቹ፣ አንድ የማውቀው ልጅ የማተሚያ ስህተት መስሎት ከተበላሹት ጋር ጥሏት ነበር። ቁጥሩ ከብዛቱ ከበለጠ ስህተት ሳይሆን ሲክሬት ሬር የሚባል ብርቅ ካርድ ነው። የ2023ቱ 151 የሚባለው ሰት ላይም ቻሪዛርዱ 199/165 ነው፣ አሁን ልጆቹ ሁሉ የሚፈልጉት እሱን ነው።

አባ_ሁለት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
@የዴራ_ልጅ አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን መሸጥ አላሰብኩም። አጎታቸው ልጅ ሆኖ ቋንቋ ሳይችል ትምህርት ቤት ሲገባ መጀመሪያ ጓደኛ ያገኘው በዚህ ካርድ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሲቀያየሩ። ይሄንን ነግሮኝ ነው የሰጣቸው። @ሰት_በሰት በአስር በአስር ያልከው ገብቶኛል፣ እግዜር ይስጥህ።

መዝገብ_ቤት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። እኔ ስለ ካርዱ የማውቀው የልጅ ልጆቼ ሲጫወቱ ያየሁትን ያህል ነው፣ ግን አገር ቤት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት 30 ዓመት ሠርቻለሁና ስለ መደርደር አንድ ሁለት ነገር ልበል።

በሥራዬ ዘመን ጠፋ ተብሎ ከተፈለገ ፋይል አብዛኛው ጠፍቶ አልነበረም፣ ተመልሶ ሲገባ የሰው ቦታ ላይ ገብቶ ነው። አንዴ የ412ን ማህደር በ421 ቦታ አስገብተነው ባለጉዳዩ ሶስት ወር ተመላልሷል፣ የሰውዬው ፊት አሁንም ይታየኛል። ከዛ በኋላ አለቃችን አንድ ሥርዓት አመጡ፣ ፋይል ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ቀይ ካርቶን ይገባል፣ ካርቶኑ ላይ ማን እንደወሰደውና ቀኑ ይጻፋል፣ ፋይሉ ሲመለስ ካርቶኑ ይወጣል። ካርቶኑ ቦታውን ስለሚጠብቅ ማንም አይሳሳትም፣ ማንም ማንንም አይጠረጥርም።

ለልጆችህም እንደዚያ አድርግላቸው። አንዱ ካርድ ለጨዋታ ሲያወጣ በካርዱ ቦታ ስሙን የጻፈበት ወረቀት ይተው። አንተ እንደጻፍከው ከሆነ ጠባቸው ካርዱ የት እንዳለ ስለማይታወቅ ነው። ሌላው፣ የማን ነው የሚለውን ከመደርደርህ በፊት ጨርሰው። እኛ ጋ ባለቤቱ ያልታወቀ ወረቀት መደርደሪያ ላይ አይወጣም ነበር። አስቀምጠሃቸው ካርድ በካርድ የታላቁ፣ የታናሹ፣ የጋራ ብላችሁ ለዩት፣ የአጎታቸው የጋራ ይሁን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እዚህ ላይ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቢፈጅ አይቆጭህ።

አሽዶድ_ባህርዳር (አሽዶድ)
እትዬ ይሄ የቀይ ካርቶን ነገር ግሩም ነው፣ እኔም ዛሬውኑ ነው የምጀምረው።

እኔ ስለ ማስቀመጫው ልጨምር ምክንያቱም ተቃጥዬበታለሁ። እኛ ባህር አጠገብ ነን፣ እርጥበቱ አይጣል ነው። የሚያብለጨልጩት ሆሎ ካርዶች እንደ ቅጠል ይጠመዘዛሉ፣ ለምን ቢባል ካርዱ ወረቀትና ፎይል ተጣብቆ ነው፣ ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል ፎይሉ አይጠጣም፣ አንዱ ሲያብጥ ሌላው እዛው ሲቀር ካርዱ ይቀለበሳል። ሳጥን ውስጥ ከጫማ ጋር የምትመጣውን ሲሊካ ጄል ጨምሩበት፣ ክዳኑ ይገጠም፣ ምድር ቤት አታስቀምጡ። በክረምት ማሞቂያ አጠገብም አታስቀምጡ፣ ያኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚጠመዘዘው።

ሁለተኛ ፕላስቲኩ። እኔ መጀመሪያ ርካሽ የቢሮ ፕላስቲክ ገዝቼ ካርዶቼን አስገባሁ፣ ከሁለት ሶስት ዓመት በኋላ ሳወጣቸው ላያቸው ላይ የሚያጣብቅ ነገር ነበረው፣ አንዱ ላይ ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ቀረ። ፒቪሲ ነበር፣ እሱን የሚያለሰልሱበት ኬሚካል ቀስ እያለ ይወጣል። ሲገዙ ፖሊፕሮፒሊን የሚል ወይ ፒቪሲ የለበትም የሚል ይፈልጉ። ባይንደር (ገጹ የካርድ ኪስ ያለው ማህደር) ላይ ደግሞ ባለ ቀለበቱን ተዉት፣ ሲዘጋ ቀለበቱ አጠገቡ ያለውን ረድፍ ካርድ ይጫነዋል፣ የግማሽ ጨረቃ ምልክት ያወጣበታል፣ ያ ደግሞ አይጠፋም። ቀለበት የሌለው፣ ኪሱ ከጎን የሚከፈት ይሻላል፣ ሲገለበጥ ካርዱ አይወድቅም።

በላስቲክ ማሰርማ በጭራሽ፣ ጎኑን ይበላዋል።

አባ_ሁለት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
እትዬ መዝገብ ቤት እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ጽሑፍዎን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ታላቁንም ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። እንደዛ ነው የምናደርገው።

@አሽዶድ_ባህርዳር ለ10 ሺህ ካርድ ሁሉ ግን ባይንደር ልገዛ ነው? አንድ ገጽ 9 ኪስ ነው ያለው፣ ሒሳቡን ሳየው ደነገጥኩ።

ሰት_በሰት (ዳላስ)
አይ አይ ሁሉም ባይንደር አይገባም። ባይንደር ለምታዩት ነው፣ ሳጥን ለምታስቀምጡት። 800 ካርድ የሚይዝ ረጅም የካርቶን ሳጥን አለ ርካሽ ነው፣ ካርዱ ቆሞ ይገባል፣ በሰቶቹ መሀል ከፍ ያለ መለያ ካርቶን ታደርጋለህ የሰቱን ስም የጻፍክበት። 13 ወይ 14 ሳጥን ይበቃሃል። ሳጥኑን ጥርቅም አድርገህ አትሙላው፣ ጣት የሚያስገባ ቦታ ተውለት፣ አለበለዚያ ስታወጣው ጫፉ ይላጣል። ላላ ካለ ደግሞ ካርዱ ይጋደምና ይጎብጣል፣ ስለዚህ ባዶውን በስፖንጅ ሙላው።

ኮከብ ያላቸው ለስላሳ ስሊቭ (ስስ የፕላስቲክ ልባስ) ይልበሱ፣ ከነሱ መሀል ዋጋ ያላቸው ከስሊቩ ጋር ቶፕ ሎደር የሚባለው ጠንካራ የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ። ያለ ስሊቭ ቶፕ ሎደር ውስጥ እንዳታስገባ፣ ይቧጥጠዋል። ኢነርጂ ላይ ስሊቭ አታባክን።

ስለ ብዛት አንድ ሕግ፣ ዴክ (አንድ ተጫዋች ይዞ የሚጫወትበት ስብስብ) 60 ካርድ ነው፣ ውስጡ በአንድ ስም ከ4 በላይ አይፈቀድም ከመደበኛው ኢነርጂ በቀር። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ካርድ ለእያንዳንዱ ልጅ 4 ያዝ፣ ከዛ በላይ ያለው ትርፍ ነው።

ስቶክሆልም_17 (ስቶክሆልም)
ሰላም ጋሼ፣ እኔ 17 ዓመቴ ነው፣ ከ6 ዓመቴ ጀምሮ ነው የምሰበስበው፣ አንድ ነገር ልበል ካላስቸገርኩ። የሳጥኑን እንደተባለው በሰትና በቁጥር ያድርጉት ግን የልጆቹን ባይንደር እባክዎ እርስዎ አይደርድሩላቸው። አባቴ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳለሁ ሊያስደስተኝ ብሎ የኔን ባይንደር በቁጥር ደርድሮ ጠበቀኝ፣ ስንት ሰዓት እንደለፋበት አውቃለሁ ግን እኔ ደርድሬው የነበረው ከማን እንዳገኘሁት ነበር። አንድ ገጽ ከአክስቴ ልጅ የተቀየርኩት፣ አንድ ገጽ ሆስፒታል ተኝቼ የመጡልኝ። ለሌላ ሰው የተዘበራረቀ ነው የሚመስለው። መልሼ ልሠራው ሞከርኩ ግን የአንዳንዱን ረስቼዋለሁ።

የ8 ዓመቱ ምናልባት በቀለም ወይ በሚወደው ይደረድር ይሆናል፣ ተዉት። ከየትኛው ሰት እንደወጣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ያሳያል፣ እትዬ እንዳሉት።

መዝገብ_ቤት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ልጄ ተባረክ። ይሄንን እኔም አላሰብኩትም ነበር። አገኘሁት የምትለው ካርድ ላይ አሁን የምታስታውሰውን ቢያንስ ጻፍበት፣ ካርዱ ላይ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ከኋላው በትንሽ ወረቀት፣ በእርሳስ። እስክሪብቶ ይተላለፋል።

አባ_ሁለት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ቤተሰብ፣ ሶስት ሳምንት ከምናምን ሆነ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቅዳሜ ምንም አልደረደርንም፣ የማን ነው የሚለውን ብቻ። ምንጣፉ ላይ ሶስት አንሶላ አነጠፍን፣ ሰማያዊ የታላቁ፣ አረንጓዴ የታናሹ፣ ነጭ የጋራ። ይጣላሉ ብዬ የፈራሁትን ያህል አልተጣሉም፣ የሚከራከሩበት ወደ 40 ካርድ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱን ነጩ ላይ አደረጉት ራሳቸው ተስማምተው።

ኢነርጂው ብቻውን ከ1,900 በላይ ሆነ። የጠርዙን ቀለም ትንሹ ብቻውን ነው የጨረሰው፣ ቢጫ ግራጫ ቢጫ ግራጫ እያለ፣ እኔ ልጠጣ ቡና ሳፈላ ሁለት ሳጥን አጋመሰ። ባለቤቴም ገባችበት፣ የሰት ምልክት ለመለየት ከኔ ዓይን የሷ ይሻላል።

እና ሁለተኛው እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ምልክት የሌላቸውን አገኘናቸው። ከሳጥኑ ሥር በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ፣ 71 ካርድ። ማህተም ያለው የለም፣ ጠርዛቸውም የተበላ ነው፣ ሕፃን ልጅ የተጫወተበት መሆኑ ያስታውቃል። 58/102ቷ ፒካቹ ጀርባዋ ላይ በእርሳስ የአማርኛ ፊደል ተጽፎባታል፣ «የኔ» ይላል፣ «ኔ»ዋ ተገልብጣ። ለአጎታቸው ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፣ ወዲያው ደወለ፣ ብዙ አላወራም፣ ካርዷን ሲያትል ላክልኝ ብቻ ነው ያለኝ። ስሊቭ አልብሼ ቶፕ ሎደር ውስጥ ከትቼ በሁለት ካርቶን መሀል አድርጌ ላክሁለት። ባይንደራችን ላይ የ58 ኪስ ውስጥ ቀይ ወረቀት አለ አሁን፣ «አጎት ወስዶታል» ይላል፣ የጻፈው ትንሹ ነው።

ቤዝ ሰቱ 102 ስለሆነ 12 ገጽ ፈጀ፣ መጨረሻው ላይ 6 ኪስ ባዶ ቀረ። ከ71ዱ ድግግሞሽ ስናወጣ የጎደለንን ቁጥር ታላቁ ደብተር ላይ ጽፎ ይዟል፣ ካርድ ሱቅ ሲሄድ ይዞት ይገባል።

ችግር የሆነብኝ አንድ ነገር፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ካርዶች አሉ፣ አንዱ ተራ ሌላው ከስዕሉ ውጪ ያለው የሚያብለጨልጭ። አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ?

ሰት_በሰት (ዳላስ)
ሪቨርስ ሆሎ ነው እሱ፣ አንድ ላይ፣ ከተራው ኋላ አድርገው፣ ቁጥራቸው አንድ ነዋ። ፒካቹዋን በመላክህ ደስ ብሎኛል።

ሌላው ከአጎታቸው ሳጥን የመጡትን የሚያጠራጥሩህን በባትሪ እያቸው፣ እውነተኛው ካርድ መሀሉ ላይ ጥቁር ንጣፍ ስላለው ብርሃን ብዙ አያሳልፍም፣ ፎርጅዱ ወለል አድርጎ ያሳልፋል።

የመገናኛ_ቅዳሜ (አዲስ አበባ)
ሰላም አባ ሁለት፣ ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ መገናኛ አካባቢ ነኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈር ልጆች ቤቴ ይመጣሉ፣ አንዱ የዘመድ ልጅ ከውጪ ያመጣቸው ሁለት ዴክ አሉን፣ 9 ልጆች በተራ ነው የሚጫወቱባቸው። ካርዶቹ ተነካክተው አልቀዋል፣ ሁለቱን በስኮች ነው የያዝናቸው። ዋጋ ያለው አንፈልግም፣ ያ ትርፍ ነው የተባለውን፣ ተራዎቹን፣ ቢቻል ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ካለ።

አባ_ሁለት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ወንድሜ ምን ልበልህ፣ አማቴ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ትሄዳለች። ከአራት በላይ የሆነውን ስንለይ 2,300 ካርድ ተርፎናል፣ በ178 ግራም ሒሳብ 4 ኪሎ ከ100 ገደማ ነው፣ ሻንጣዋ ላይ ቦታ እንዳለ ጠይቄያታለሁ፣ ስትመለስ በርበሬ የምታመጣበት ስለሆነ ስትሄድ ባዶ ነው አለችኝ። ልጆቹ ዴኩን ራሳቸው ሠርተን እንላክ እያሉ ነው፣ 60 60 አድርገው፣ ስንት ዴክ ይሁን?

የመገናኛ_ቅዳሜ (አዲስ አበባ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ!! ለልጆቹ ዛሬ አልነግራቸውም፣ እስኪመጣ አያስተኙኝም። 10 ዴክ ከሆነ ለሁሉም ደረሰ፣ የቀረውን እኛው እንደረድረዋለን፣ ቀይ ወረቀቱንም አዘጋጃለሁ። ኢነርጂውን ግን ጨምሩበት እባካችሁ፣ በተለይ የውሃውን ሰማያዊዋን፣ 7 ብቻ ነው የቀረን።